የረጋው ውሃ ካርታ

አቶ ወንድይፍራው ምግብ ቤት ሲገቡ አስቀድመው የሚያዩት የምግቡን ዝርዝር ሳይሆን የእጅ መታጠቢያውን ነው። ሳሙና ካለ ይቀመጣሉ፤ ከሌለ በትሕትና ይጠይቃሉ፤ እስኪመጣም ቆመው ይጠብቃሉ። ይህ ጠባያቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ስለታወቀ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲታዩ አስተናጋጆቹ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሮጣሉ።

ልማዱ ከሙያ የመጣ ነው። አቶ ወንድይፍራው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሳኒታሪያንነት ተመርቀው ለሃያ አንድ ዓመት በሐዋሳና በላንጋኖ ዙሪያ የሆቴል ማድ ቤቶችን፣ የውሃ ምንጮችንና የሐይቅ ዳር መዝናኛዎችን ሲመረምሩ ኖረዋል። በዲቪ ዕጣ ሎስ አንጀለስ ከገቡ በኋላ ግን ሙያቸውን የጠየቃቸው የለም። መጀመሪያ ኮሪያታውን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተማርያም ሲመጡ ካልቨር ሲቲ ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያም አሥራ ስምንት ዓመት ቲኬት ቆረጡ። ጡረታ የወጡት ባለፈው ዓመት ነው።

ከቀድሞው ሥራቸው ይዘዋቸው የመጡ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ከጊዜ ብዛት መስተዋቱ የተጫጫረ የእጅ ሰዓት ነው። ሁለተኛው አንድ ደንብ ነው፤ ማንኛውም ቦታ ሁለት ጊዜ ይጎበኛል፣ አንድ ጊዜ አሳውቀው፣ አንድ ጊዜ ሳያሳውቁ። «አሳውቀህ ስትሄድ ቤቱን ታያለህ፤ ሳታሳውቅ ስትሄድ ባለቤቱን ታያለህ» ይላሉ።

ዘጠኝ ቤተሰብ ያለበት የቅዱስ ዑራኤል ማኅበራቸው ወር በገባ በሃያ ሁለተኛው ቀን በተራ ይሰበሰባል። ባለፈው ሚያዝያ ተረኛው የማኅበሩ ሙሴ አቶ አለማየሁ ነበሩ። ጸሎት ከተደረሰና ከተበላ በኋላ፣ በአንድ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ቅድስት ተነሥታ ተናገረች። ቅድስት ከማኅበርተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የምታንስ ስትሆን፣ የስምንት ዓመት ልጇን ሮሐን ብቻዋን የምታሳድግ ናት።

«ልጆቻችን ማኅበር ማለት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ትልልቅ ሰው ማየት ይመስላቸዋል» አለች። «ሶ፣ የሐምሌ ዑራኤልን ለምን ባሕር ዳር አናደርገውም? ኦክስናርድን አለፍ ብሎ አንድ ሪዞርት አለ። ሁለት ሌሊት ብቻ። እኔ ቡክ አደርጋለሁ።»

«ባሕር?» አለ ታክሲ ነጂው ፍሬው። «እኔ የልጄ ትምህርት ቤት ገንዳ አጠገብ ስቆም እንኳ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ።»

«አንተ ዳር ላይ ቁጭ ብለህ ሻንጣ ትጠብቃለህ።»

«እንደሱ ከሆነ አለሁበት።»

ሳቁ ጋብ ሲል ግን የነገሩ ክብደት ታየ። የሚሄዱት ሰዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ከእነርሱ አምስቱ ልጆች ናቸው። ዋና የሚችሉት ቅድስትና ሮሐ ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም የተማሩት በገንዳ ነው። ወይዘሮ ለተማርያም በየክረምቱ በዜና የሚሰሙትን የመስጠም አደጋ አነሡ። እትዬ ዓይናለም፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ባሕር ዳር የሚቀርበው ምግብ ክርስቲያን የማይበላው ነፍሳት እንደሆነ ሰምቻለሁ አሉ። ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ቅድስት ወደ አቶ ወንድይፍራው ዞረች።

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ ሥራህ ይሄ አልነበረም? ሄደህ እየውና ንገረን። አንተ ሴፍ ነው ካልክ ሮሐን አመጣታለሁ። ካላልክ ግን አላመጣትም፤ እኔም አልመጣም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ልጅቱ አንቱ ማለቷን በመተዋ ፊታቸውን አጨማደዱ። አቶ ወንድይፍራው ግን አላስተዋሉትም። ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሙያቸው አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ልጆቹ የሚሄዱት በእርስዎ ፊርማ ነው» አሉ ሙሴው።

«በፊርማዬ» ሲሉ አቶ ወንድይፍራው መለሱ።

በመጀመሪያ ቀኑን ወሰኑ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ አንድ ይገባል። በዚህ መካከል ረቡዕና ዓርብን የማይነካ፣ የእሁድ ቅዳሴን የማያስቀር፣ ሐምሌ ሃያ ሁለትን የሚጨምር ጊዜ ሲፈለግ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ እስከ ማክሰኞ። ቅድስት በዚሁ መሠረት ክፍሎቹን ያዘች።

የመጀመሪያው ጉብኝት ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተደረገ። አቶ ወንድይፍራው ለመዝናኛው ኃላፊ አስቀድመው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዋዜማው ባለቤታቸው ቦርሳውን ሲያዘጋጁ ከቴርሞሜትሩና ከሜትሩ ሥር የራሳቸውን ዕቃ አገኙ።

«ይሄ የዱቄቴ ወንፊት አይደለም?»

«ነው።»

«ባሕር ዳር ምን ሊነፋበት ነው?»

«አሸዋ።»

«አንተ ሰው! እንጀራ በአሸዋ ላበላህ ነው?»

«አጥቤ እመልሰዋለሁ» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ ወንፊቱም ሄደ።

ጎሕ ሲቀድ ደረሱ። ትልቅ መፋቂያ የሚጎትት ትራክተር ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለውን አሸዋ እያበጠረ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ትራክተሩ ካለፈበት ከአምስት ቦታ አሸዋ ዘግነው በወንፊት ነፉ፤ የተገኘው ሁለት የጠርሙስ ክዳንና አንድ የፀጉር ማስያዣ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ አልነበረም። በስተሰሜን ያለው ዳርቻ ግን አልተፋቀም፤ ቡናማ የባሕር ሣር ተከምሮበት ዝንብ ወሮታል። ጉድለት ያገኙ መስሏቸው ኃላፊውን ጠየቁ። ኃላፊው ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሣሩ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን፣ በገመድ የታጠረውም አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉ ትንንሽ ወፎች ስላሉ እንደሆነ አስረዳቸው። አቶ ወንድይፍራው ምክንያቱን ተቀበሉ፤ በማስታወሻቸው ላይ ግን «የመመገቢያው ድንኳን ከባሕር ሣሩ አርባ እርምጃ ይራቅ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ አለፉ። የትኩሱን ምግብ ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ፤ ስድሳ ሦስት ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። የጥሬ ዶሮ መክተፊያ ለብቻው መሆኑን አረጋገጡ። የመዝናኛው መታወቂያ ሽሪምፕና ሸርጣን ስለነበረ፣ ሼፉ ማኅበርተኞቹ ቅርፊትና ክንፍ ከሌለው የባሕር ፍጥረት እንደማይበሉ ሲሰማ ከልቡ አዘነላቸው። ዓሣ፣ ዶሮና የበሬ ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋ ባልነካው መጥበሻ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። እንጀራው ከፌርፋክስ እንዲመጣ ተፈቀደ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሁሉ በጽሑፍ እንዲቀርብ ተጠየቀ። አቶ ወንድይፍራው እዚያው ቆመው ጻፉት፤ ጤፍ፣ ውሃ፣ እርሾ። ሼፉ ወረቀቱን አገላብጦ በጀርባው የቀረ ነገር ፈለገ።

በመጨረሻ ወደ ውሃው ወረዱ። ወቅቱ ገና ስለነበር የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የእንጨት ማማ ተዘግቶ፣ በዙሪያው ሰው አልነበረም። ኃላፊውም ወደ ቢሮው ተመልሷል። አቶ ወንድይፍራው ብቻቸውን ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመው ባሕሩን መረመሩ። ከማማው ፊት ለፊት ማዕበሉ እየተነሣ በነጭ አረፋ ይፈርሳል፤ ድምፁም ያስፈራል። ከዚያ በስተደቡብ፣ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የገባ የድንጋይ ክምር አለ። ከድንጋዩ ሥር ሠላሳ እርምጃ በሚሆን ስፋት ውሃው ረግቷል፤ ማዕበል አይፈርስበትም፤ መልኩም ጠቆር ያለ ነው። ድንጋዩ ላይ የተተከለው ሰሌዳ መውጣት ክልክል ነው ይላል። ልጆች ድንጋይ ላይ እየወጡ እንዳይወድቁ የሚያስጠነቅቅ ነው ብለው ገመቱ።

በላንጋኖ ሃያ አንድ ዓመት ያዩት ይህንኑ ነው። በሐይቅ ነፋስ የማይደርስበት፣ በድንጋይ የተከለለ፣ ማዕበል የሌለበት ጥግ ለልጆች መዋኛ የሚፈቀድ ነው፤ የሚናወጠው ክፍል ይከለከላል። አቶ ወንድይፍራው በእርሳስ ካርታ ነደፉ። በአረፋው ላይ «አደገኛ፤ አይገባም» ብለው ጻፉ። በረጋው ውሃ ላይ ደግሞ ክብ አድርገው «ለልጆችና ለአረጋውያን» አሉ።

ሰኔ ሃያ ሁለት ማኅበሩ በእርሳቸው ቤት ዋለ። ከጾም ምግቡ በኋላ ለዘጠኙ ቤተሰብ ዘጠኝ ቅጂ ታደለ። በአንዱ ገጽ የምግቡ፣ የመጸዳጃው፣ የአሸዋው ጽዳትና የክፍሎቹ ሁኔታ ሰፍሯል፤ በሌላው ገጽ ካርታው አለ፤ ከሥሩ ፊርማ። በክፍሉ ውስጥ ካርታው ስሕተት ነው ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወይ ከደጋ የመጡ ናቸው ወይ ሐይቅ ያዩ ናቸው፤ የረጋ ውሃ ከሚናወጥ ውሃ እንደሚሻል ለመረዳት ደግሞ ካርታ እንኳ አያስፈልግም።

«እዩት እስቲ፣ ድንበር የሚካለል ነው የሚመስለው» አለ ፍሬው።

ቅድስት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ኦኬ» አለች። «ሮሐ ትመጣለች።»

ሳያሳውቁ የሚያደርጉት ሁለተኛው ጉብኝት ከጉዞው አምስት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ሐምሌ አሥራ አምስት ሆነ። ወይዘሮ ለተማርያም ቤት ውስጥ ከመዋል ብለው አብረው ሄዱ። አቶ ወንድይፍራው በቀጥታ ወደ ማድ ቤቱ በጓሮ በር ገቡ፤ ሼፉም ደንግጦ ኮፍያውን አስተካከለ። ቅሬታ የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም። መክተፊያዎቹ በየቦታቸው ነበሩ፤ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከአራት ዲግሪ አይበልጥም። በማስታወሻቸው ላይ «ባለቤቱም ደህና ነው» ብለው ጽፈው ወጡ።

ወይዘሮ ለተማርያም በዚህ ጊዜ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሃው ውስጥ ቆመው ነበር። የቆሙትም በካርታው ላይ ክብ በተደረገበት ስፍራ፣ ከድንጋዩ ሥር ነው። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል። ባለቤታቸውን ሲያዩ እጃቸውን አነሡ፤ አቶ ወንድይፍራውም አነሡላቸው። እጃቸውን ሳያወርዱ ውሃው የሴትዮዋ ወገብ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ለተማርያም አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አልሄዱም ነበር።

ከማማው ላይ ፊሽካ ተነፋ። ቀይ መንሳፈፊያ የያዘች ወጣት የነፍስ አድን ሠራተኛ አሸዋውን አቋርጣ ሮጠች፤ ሴትዮዋን ከብብታቸው ደግፋ ያዘች። በቀጥታ ወደ ዳርቻው አላወጣቻቸውም፤ በመጀመሪያ ከድንጋዩ አራቀቻቸው፣ ወደ አረፋው ወሰደቻቸው፣ ከዚያ ማዕበሉ ራሱ ወደ አሸዋው ገፋቸው። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም።

«ከእግሬ ሥር ያለው አሸዋ ይሸሻል» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም፣ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «መቆም አልቻልኩም። ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ? ካርታው ላይ ያለው ቦታ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ሻርባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉላቸው። ቀጥሎ ያደረጉትን ነገር ኋላ ለማንም አልደበቁም፤ ከጠባቂዋ ጋር ተከራከሩ።

«ይህ ቦታ ማዕበል የለውም» አሉ በተጠነቀቀ እንግሊዝኛ። «አደገኛው ወዲያ ያለው ነው።»

«ማዕበል የሌለው ውሃው በዚህ በኩል ስለሚወጣ ነው፣ ጌታዬ» አለች ወጣቷ። «ወዲያ ማዕበሉ እያመጣ የሚከምረው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ከድንጋዩ ሥር እንደ ወንዝ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ከማወጣቸው ሰዎች የሚበዙት ከዚህ ነው፤ ቆንጆ ስለሚመስላቸው።»

«በእርግጥ ያውቃሉ?»

«ሥራዬ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ይህን መልስ ከዚህ በፊት ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሰጥተውት ያውቃሉ፤ ነገር ግን በቃል ብቻ መቀበል ልማዳቸው አልነበረም። በአገር ቤት የምንጭን ውሃ መጠን ሲለኩ ቅጠል ጥለው፣ የሚሄድበትን ርቀት በእርምጃ ቆጥረው፣ ጊዜውን በሰዓት ይይዙ ነበር። አሁንም ሁለት ደረቅ እንጨት አነሡ። አንደኛውን ወደ አረፋው ወረወሩ፤ አራት ማዕበል አገላብጦ እግራቸው ሥር መለሰው። ሁለተኛውን ወደ ረጋው ውሃ ጣሉ። እንጨቱ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ዋለለ። ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ሰው እንደሚጎትተው ሆኖ፣ በድንጋዩ ጎን ወደ ውስጥ ተጓዘ። አቶ ወንድይፍራው ሰዓታቸውን ያዙ። በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ እርምጃ በላይ ሄደ። በሁለተኛው ደቂቃ ከድንጋዩ ጫፍ አልፎ ከዓይን ጠፋ።

ሙከራውን ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ውጤቱ አልተለወጠም።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠባቂዋን አመሰገኑ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዘው እንደሚመጡና አብዛኛው ዋና እንደማይችል ነገሯት። የት መግባት እንዳለባቸው ጠየቁ። እርሷም ከማማው ፊት ለፊት በሁለት ባንዲራ መካከል፣ ከወገብ ሳይበልጥ አለች። ባሕሩ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ በየጠዋቱ ከመግባታቸው በፊት እንዲጠይቋት፣ በአሸዋው ውስጥ የሚቀበር ጭራው መርዛም የሆነ ዓሣ ስላለም እንዳይረግጡት እግራቸውን ሳያነሡ እየጎተቱ እንዲራመዱ አከለች። ሁሉንም ጻፉ።

በመልሱ መንገድ ማሊቡ ሲደርሱ ወይዘሮ ለተማርያም፣ «በስልክ ንገራቸዋ። ዛሬውኑ በግሩፑ ላይ ጻፈው» አሉ።

«እጽፋለሁ። ግን የተበላሸ ምግብ በስልክ አይሰበሰብም። በእጄ የሰጠሁትን በእጄ እቀበላለሁ።»

መልእክቱን ያን ዕለት ላኩ፤ «ካርታው ስሕተት ነው፤ ማንም እንዳይጠቀምበት» የሚል ነበር። አራቱ ቤተሰብ አነበበው፤ አራቱ አላነበበውም። ቀጣዩ የማኅበር ቀን የጉዞው ቀን ራሱ ስለነበረ ሰውን በአንድነት የሚያገኙበት ጊዜ አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት ከቤት ወጡ።

የፍሬው ቅጂ በታክሲው ኪስ ውስጥ ተገኘ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ለአፍታ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለኔ ምስክር ነው። ገንዳው አጠገብ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ሁላችሁም አልሳቃችሁብኝም?»

«ስቀንብሃል።»

«አሁን ደግሞ እኔ ልሳቅ።»

«መብትህ ነው። ወረቀቱን ስጠኝ።»

አቶ አለማየሁ ምክር ሰጡ፤ ካርታው ይቀየር፣ ምክንያቱ ግን ባይነገርስ? የማኅበርተኛውን ልብ ለምን እናስደነግጣለን? አቶ ወንድይፍራው፣ «ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ተመልሶ ይገባበታል፤ ቦታው ያምራል» አሉ። ሙሴውም ወረቀታቸውን አውጥተው ሰጡ።

እትዬ ዓይናለም ኮሪያታውን ባለው ክፍላቸው ካርታውን ማቀዝቀዣቸው ላይ በማግኔት ለጥፈውት ነበር። ሊሰጡ እምቢ አሉ።

«እኔ እንደሆነ ውሃ ውስጥ አልገባ። ፊርማህ ያለበት ወረቀት ነው፤ ይቀመጥ።»

«ፊርማዬ ስላለበት ነው የምወስደው፣ እትዬ።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም ኖሯል? ያን ሁሉ ተምረህ!»

«ሰምቻለሁ። በላንጋኖ ግን ተረቱ አይሠራም ነበር።»

አሮጊቷ ማግኔቱን አነሡ። «እንካ። ለተማርያም ግን በሕይወት አለች አይደል? እንግዲያው ምን ፊትህን ታጠቁረዋለህ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ወረቀት ተሰበሰበ። ከራሳቸው ጋር ስምንት ነው። የቅድስትን ለመጨረሻ ያቆዩት ቤቷ ስለራቀ አልነበረም፤ ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው።

ቅድስት ከሥራ እንደተመለሰች በነርስ ልብሷ በሩን ከፈተች። መልእክቱን አንብባ ነበር። ሮሐ ሳሎኑ ወለል ላይ አዲስ የዋና መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሥዕል ትሥላለች። አቶ ወንድይፍራው መቀመጫ ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ተናገሩ።

ቅድስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ሶ፣ እትዬ ለተማርያም ማክሰኞ ባትገባ ኖሮ?»

«እሁድ ሮሐ ትገባ ነበር። እዚያው ቦታ፣ በእኔ ፊርማ።»

ለልጅቱ የገዛችው መንሳፈፊያ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነበር። ቅድስት ወደዚያ አየች።

«ጋሼ፣ እኔ ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። ጉግል እንኳ አላደረግኩም። አንተ ስላልክ ብቻ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ይቅርታ እንኳ አትለኝም?»

«ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ነገር ግን ይቅርታዬ ውሃውን አይለውጠውም። ስለዚህ ይህን አምጥቻለሁ።» ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የማማው ቦታ፣ የሁለቱ ባንዲራዎች ቦታ፣ የእግር አጎታተቱ ተጽፎበታል። በረጋው ውሃ ላይ በቀይ «እንዳይገባ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው።

«አልፈረምክበትም።»

«የምፈርምበት ነገር አይደለም። ባሕሩን የምታውቀው ጠባቂዋ ናት። በየጠዋቱ ራስሽ ጠይቂያት።»

ቅድስት አሮጌውን ካርታ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠች፤ አዲሱን ተቀበለች። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። አቶ ወንድይፍራውም አልጠየቁም።

እሁድ ቅዳሴ አልቆ መኪናዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሰለፉ አሥራ ሰባት ሰው ተቆጠረ። ለግማሽ ሰዓት ተጠበቀ። ስልክ ተደወለ፤ አላነሣችም። አቶ አለማየሁ እንነሣ አሉ፤ ሄዱ። ያን ዕለት ማኅበርተኞቹ በባንዲራዎቹ መካከል እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ ፍሬው ሻንጣ ጠበቀ። ምግቡ በተባለው ሰዓት፣ በተባለው ሙቀት ቀረበ። እትዬ ዓይናለም ሸርጣን አለመኖሩን ለማረጋገጥ የእያንዳንዱን ሰው ሳህን አዩ። አቶ ወንድይፍራው ከውሃው ዳር ሳይርቁ የሚገባውንና የሚወጣውን ቆጠሩ፤ የልጆቹ ቁጥር አራት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት መኪና መጥታ ፓርክ አደረገች። ቅድስትና ሮሐ ወረዱ። ማኅበርተኞቹ በድንኳኑ ሥር ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹ የሮሐን ስም እየጠሩ ጮኹ። ቅድስት የልጇን እጅ እንደያዘች በድንኳኑ አጠገብ አለፈች፤ ማንንም ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ እንጨቱ ማማ ሄደች።

«አኩርፋ ነው?» አለ ፍሬው።

«አይደለም» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «ተዋት።»

ከማማው ሥር ቆማ ከጠባቂዋ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገረች። ጠባቂዋ በእጇ ወደ ድንጋዩ፣ ከዚያ ወደ ባንዲራዎቹ፣ ከዚያ ወደ እግሯ አመለከተች። ቅድስት አንድ ነገር ደግማ ጠየቀች፤ ጠባቂዋም ደግማ መለሰች። ሮሐ እግሮቿን ሳታነሣ በአሸዋው ላይ እየጎተተች ተለማመደች። ከዚያ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ወደ ነጩ አረፋ ገቡ። የመጀመሪያው ማዕበል ሁለቱንም ገፍቶ አስቀመጣቸው፤ ሮሐ እየጮኸች ተነሣች።

አቶ ወንድይፍራው በደረቁ አሸዋ ላይ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቆመው አዩ። ቅድስት እርሳቸውን ምንም አልጠየቀቻቸውም፤ መጠየቅም አልነበረባትም። ሥራው መሠራት ያለበት እንዲህ ነው ብለው አሰቡ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ቅድስት ፀጉሯን እየጨመቀች ከውሃው ወጣች፤ ከሩቅም ጠራቻቸው።

«ጋሼ ወንድይፍራው! ምሳውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ዶሮውን?»

«ሰባ አራት ዲግሪ።»

«ኦኬ» አለች ቅድስት። «እንበላለን።» ከዚያ ልጇን ለመጥራት ወደ ውሃው ዞረች።